ሃያ አግዳሚ

ሰኞ ጧት። ግንቦት ሊያልቅ ሦስት ቀን ይቀረዋል፤
ፍኖተ ሰላም ላይ፣ የዩኒየኑን በር ሰው ከቦት ቆሟል፤
ጅጋ በስልክ ይጮሃል፣ ቡሬ ይደውላል፣
ማንኩሳ «ኧረ ትሁኔ፣ ገበሬው ፀሐይ በላው» ይላል፤
እኔ የሠራሁት የማዳበሪያ መዝገብ
ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ ቃል ጽፎ ደርቋል፦
«ሞልቷል።»

«ዳታው የት ነው ያለው?» አለኝ አንድ የቋሪት ሰው።
«ደመና ላይ» አልሁት። ሽቅብ አየና፣ «ታዲያ ምነው
እስካሁን አልዘነበ?» ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀው።
ደመናው ፍራንክፈርት የተከራየነው ቤት ነው፤
ይህን ለማስረዳት ግን ጊዜውም አፉም አልነበረኝ።

ማታ ብቻዬን ቀርቼ የስህተት መዝገቡን ሳገላብጥ
ፕሮግራሜን አየሁት ባሕር ማዶ ሲሮጥ።
ለእያንዳንዱ ገበሬ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል
አዲስ በር ያንኳኳል፤
ደግሞ እንዳገሬ ሰው ሰላምታው አያልቅም፤
«እንደምን ሰነበታችሁ? ከብቱስ? ልጆቹስ? አዝመራው?» ሳይል ጉዳዩን አይጠይቅም፤
ማንነቱን አስመርምሮ፣ የይለፍ ቃል ሰጥቶ፣ ምስጢር ተማምሎ፣
ገና ያኔ ይናገራል፣ «ለልየው ስንት ተፈቀደ?» ብሎ።
«ሁለት ኩንታል።»
አለቀ። በሩን ዘግቶ ወጣ።
ለቀጣዩ ስም ደግሞ ከሀ ጀምሮ መጣ።
አራት መቶ እንግዳ ባንዴ በር ቢመታ
ባለቤት ምን ያድርግ? ቀረቀረ፣ በቃ።

በማግስቱ ለቅሶ ነበር፣ ከቤታችን ጀርባ።
አያ ቢተው፣ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ፣
ቁልፉን ባንገታቸው፣ ደብተሩን በብብታቸው ይዘው
አግዳሚ ያስወጣሉ፤ እኔም ያንዱን ጫፍ ያዝሁ።
«ለስድስት መቶ አባወራ ሃያ አግዳሚ እንዴት ይበቃል?» አልሁ።
«ሰው በሞተ ቁጥር ማን አናጢ ይጠራል?
ይወጣል፣ ይቀመጡበታል፣ ይመለሳል፤
ሌላው ይወስደዋል።
እንጨቱ ያው ነው፤ አልቃሹ ነው የሚፈራረቅ።
ሃያው ከወጣ ደግሞ፣ የመጣው ጥቂት ቆሞ ይጠብቅ።»
ጫፉን ለቅቄ ሮጥሁ፤
እግራቸው ላይ ይውደቅ አይውደቅ እስካሁን አልጠየቅሁ።

ሃያ መስመር ከፈትሁ፤ ሰላምታውን አንዴ ጨርሼ
እንደተከፈቱ ደረደርኋቸው፣ ለጠየቀ ላውስ፣ ሲያበቃ ልቀበል መልሼ።
ረቡዕ ጧት ጅጋ አልጮኸም። ማንኩሳ አልደወለም።
ያው ፕሮግራም፣ ያው ፍራንክፈርት፤ የጨመርነው ብር የለም።

ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት እንደገና ደረቀ።
ሃያውም ወጥቷል፤ የሚሠራበት ግን የለም፤ ማን ዘንድ ቀረ? ማን ሰረቀ?
ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ መቶ አርባኛው መስመር ላይ አገኘሁት፦
ጸሐፊው «ፀጋ» ብሎ ጽፎ፣ መዝገቡ «ጸጋ» ካለው
ፕሮግራሜ ስሙን ያጣና ደንግጦ ይወጣል፣
የተዋሰውን እንደታቀፈ።
ባንድ ፊደል አንድ አግዳሚ። በሃያ ስም ዕቃ ቤቱ ተራቆተ።
«የመጣው ቢመጣ፣ መልስ» ብዬ ጻፍሁ፤
ለሚዘነጋም ሠላሳ ሰከንድ ቆረጥሁ፤
ካለፈ፣ ተነጥቆ ይገባል።

ይህን ልነግራቸው ሄድሁ፣ እሑድ፣ ዕቃ ሲቆጥሩ።
አሥራ ዘጠኝ ነበር። እኔም ቆጠርሁ። አሥራ ዘጠኝ።
ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ፤ ስድስት ዓመት የሆነው ጽሕፈት፦
«አንድ አግዳሚ፣ እትየ ሙጭት ዘንድ።»
አውቀዋለሁ። ልጇ ከተቀበረ ዕለት ጀምሮ
ከግድግዳዋ ጥግ እንደቆመ፣ አስፋልቱን እንዳየ ነው፤
ማታ ማታ ትቀመጥበታለች፣
ጫፉ ላይ፣ ለሌላ ሰው ቦታ የለቀቀች ያህል።

«ጠይቀዋት ያውቃሉ?» አልሁ።
አያ ቢተው ቁልፉን ካንገታቸው አወጡ፣ በሩን ቆለፉ፣
ጓጉንቸሩን ሁለቴ ሳብ አድርገው አዩ።
«ገና አልጨረሰችም» አሉኝ።